ተያዘ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ በዕጣ የደረሰኝ፤
እስክሪብቶ ሰጥተው ከበሩ ጥግ ያስቀመጡኝ።
ባሕር ዳር፣ ከጣና ፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
የተማሪ ሸንጎ፣ የዓለም መንግሥታት፤
ከሳሙና ካርቶን በተቆረጠ ስም
እዚህ ጋ እስራኤል፣ እዚያ ጋ ፍልስጤም።

አክስቱ አሽዶድ ናት፤ በጎንደር በኩል የሄደች፣
ለወታደር ልጇ ሌሊት የምትጸልይ፣ ቀን የምትሠራ፤
ፈንታሁን "ፍልስጤም" ደረሰው።
"እስራኤል" ለኸድራ።
ሻሿን አስተካክላ ካርቶኑን ገልብጣ አየችው።
ሁለቱም "ይቀየር" አሉ።
"አይቀየርም" አለ መምህር ይሁኔ፣ "የዲፕሎማት እንጀራው
በሰው አፍ መናገር ነው፤ ይኸው ነው ሥራው።"

"መሬት ተያዘ" አለ ፈንታሁን። ጻፍኩ።
"ሰው ተያዘ" አለች ኸድራ። እሱንም ጻፍኩ።
አቋም ተያዘ።
ቂም ተያዘ።
(ቂምን ሰረዝኩት፤ በደንቡ የለም።)
ምን ዓይነት ግስ ነው ይሄ፣ እጁ የማይደክም?
ሕፃን በእሱ ይያዛል፣ ሌባም በእሱ ይያዛል፣
አገርም ይያዛል።

ከዚያ አንቀጽ አራት።
"ሰብአዊ መብት" የሚለው ማንንም አልነካ፤
የተጣሉት ለካ
"ሁሉም" በሚል ቃል ላይ ነው፤ ይቅደም ወይስ ይከተል፣
አንድ ሰዓት ተኩል።

ፈንታሁን ከወረቀቱ አነበበ፦ የሰባት ዓመት ልጅ፣
ከቤቷ ፍርስራሽ ሥር፣ ደብተሯን እንደያዘች።
ኸድራ አነበበች፦ ሽማግሌ፣ ከአልጋው የተወሰደ፣
የደም ግፊት መድኃኒቱን ሳይዝ።
እዚህ ላይ አንደበቷ ተያዘ።
ተዋናይ አይደለችም።
እኔም ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ፦ አሥር ከሃያ።

መብራት ጠፋ። በመስኮት ሐይቁ ገባ፤
እምቦጭ፣ ያ ለምለሙ፣ ያ ባለ ሐምራዊ አበባ፣
የማንንም ወሰን ሳይጠይቅ፣ የማንንም ፊርማ ሳይሻ
የዓሣ አጥማጆቹን መውጫ ይዞታል እስከ መጨረሻ።
አንድ ታንኳ ከመሀሉ፣ ቀዛፊው እየገፋ፣
ይከፍታል፤ ከኋላው ይዘጋል፤ እሱ ግን ተስፋ—
ቅኔ ልጀምር ነበር። ቃለ ጉባኤ ነው፤ ተውኩት።

"እኛን ምን አገባን?" ያለም አልጠፋ ከኋላ ወንበር፣
"የራሳችን ሙት መች በቅጡ ተቆጠረና የሰው የምንቆጥር?"
ማንም አልመለሰለትም።
ጥያቄውን ጻፍኩት፤
ስሙን ግን አላሰፈርኩት።

ውሳኔ፦ አልተደረሰም። ቀጠሮ ተያዘ።
ለመቼ? የቀኑን ቦታ ባዶ ተውኩት።

ስወጣ አየሁ፦ ፈንታሁን ከዋንዛው ሥር ቆሞ
ስልኩን ጆሮው ላይ ይደቅናል፣ ደግሞ ደጋግሞ፤
አሽዶድ ነው።
"የደወሉላቸው ደንበኛ መስመራቸው ተይዟል።"
ይጠብቃል። ይደውላል።
ባጃጁ ጥሩንባ ይነፋል፤ ኸድራ ግን አልሄደችም፤
ከአጠገቡ ቆማለች፣
የሁለቱንም ካርቶን በአንድ እጇ ይዛ።