ስምንት አሳዪኝ

አንሙት ሚዛን ተሸክሞ፣ ከጀልባ ማረፊያው መጣ፣
የቀረሶ ቅርፊት የደረቀባት፣ ሽታዋ ከሱቄ የማይወጣ።
«ውባለም፣ ይህችን እይልኝ፤ ስጦታው ሳይወድ የሰጠኝ ነው፤
ክንዴ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሲል፣ እሷ አሥራ አምስት ነው የምትለው።»
«ክንድህ ሚዛን ነው?» አልኩት።
«ሃያ ዓመት መረብ ጎተትኩበት።»

ሰካኋት። ቀያይ ቁጥሮች፣ ከመስታወቱ ብቅ አሉ፣
አራቱም ቤት መብራት አለው፣ «ደኅና ነን» የሚሉ ይመስላሉ።

እንግዲህ ስማኝ አንሙት፤
አንዱ ቁጥር ቤት ነው፣ ሰባት ሰረዝ ያቆሙት፦
ሀ ጣራው፣ መ ወለሉ፣ ሰ የወገቡ መቀነት፣
ለ እና ሐ በቀኙ፣
ረ እና ሠ በግራው፣ ግድግዳ ሆነው የቆሙለት።

እያንዳንዷ ሰረዝ ለብቻዋ፣ የምታበራ ዳዮድ ናት፣
ኤሌክትሪክ በአንድ ፊት ብቻ፣ ገብቶ የሚያልፍባት።
ዓባይን ከድልድዩ ላይ፣ ሲወጣ አይተኸው የለ?
ከጣና ይሄዳል እንጂ፣ ተመለስ ቢሉት መች ታለለ?
ብዙ ከለቀቁባትም፣ ትቃጠላለች ባንድ አፍታ፤
ለዚህ ነው ሬዚስተር ያለው፣ ፊት ለፊቷ ተገትሮ፣
እንደ ጨረጨራ በር፣ የሚያሳልፈውን ቆጥሮ።

አንድን ለመጻፍ ለ እና ሐ፣ ሁለቱ ብቻ ይነቃሉ፣
አምስቱ በራቸውን ዘግተው፣ ጨለማ ውስጥ ይጠብቃሉ።
ዜሮ ሲሆን ሰ ትተኛለች፤ ስምንት ሲሆን የሚተኛ የለም።
የጨለመውም ይጽፋል፣
የበራው ብቻ አይደለም።

አራቱ ቤቶችም ቢሆኑ፣ አይበሩም ሁሉም አንድ ላይ፤
ተራ ይዘው ነው፣ በጥድፊያ፣
አብረው የበሩ የሚመስሉት ለሚያይ።

«ይሁን፤ እኔን ግን የቱ ጋ ነው የበሉኝ?» አለ።

ነቀልኳት፤ መልሼ ሰካሁ፣
«ስምንት አሳዪኝ» አልኳት፣
ምላስሽን አውጪ እንደሚል ሐኪም፣ ጎንበስ ብዬ አየኋት።
ሚዛን ስትነቃ መጀመሪያ፣ ሁሉንም ለቅጽበት ታበራለች፣
ስም እንደሚጠራ አለቃ፣
ሰባት፣ ሰባታቸውን ትቆጥራለች።
ስምንት። ስድስት። ስምንት። ስምንት።
በአንድ ቤት ላይ ለ የለችም።
የቀኙ ግድግዳ ክፍት።

ለ ከሌለች ሦስት ይጎብጣል፣ ሰባት ወገቡ ይቆረጣል፣
አራት ወንበር ይመስላል፤ ሕፃን እንኳ ይጠረጥራል።
ዘጠኝና ስምንት ግን አንሙት፣ አካላቸው ቢጎድልም፣
አምስትና ስድስት ሆነው ይወጣሉ፤
ቁስላቸው አይታይም።

«ወንበር የመሰለ አራት፣ አይታችሁ አታውቁም?»
«እናውቃለን። ያኔ ስጦታው፣ መታ መታ ያደርጋትና፣
ʻአራት ናትʼ ይለናል፣ በትሕትና።»
«ዘጠኝ ሲሆንስ?»
ዝም አለ።
«ያኔ አይመታትም።»

ከፈትኳት። ቢላዋ አልነካት፣ መቀስም አልቆረጣት፤
የሐይቁ እርጥበት ነው አንድ እግሯን፣
አረንጓዴ ዝገት ያለበሳት።
እርጥበት ሌባ አይደለም።
የስጦታውን ማወቅ አለማወቅ፣
የሚያሳይ መብራት ደግሞ፣ እኔ ሱቅ አይሸጥም።

በካውያው ጫፍ ነካኋት፤ ቀጭን ጢስ ወጣ፣ ለ በራች።
«ይኸው!» አልኩ። አንሙት አልሳቀም።
ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣
ከሰኔ ወዲህ ያሉትን፣ ዘጠኞች ለመሰብሰብ ይታገላል።
ሚዛን ግን ትዝታ የላትም፤
ያለፈውን ዓሣ አታውቅም።
ሃምሳ ብር ተቀበልኩት፤ አርባውን ብለው ደስ ባለኝ፣
የቤት ኪራይ አለብኝ።

በማግስቱ ሎሚ ልገዛ፣ በማረፊያው በኩል ሳልፍ፣
አየኋቸው፦ ሰላሳ ሰው፣ በአንዲት ሚዛን ዙሪያ ሲሰለፍ፣
አምባዛው በጀልባው ወለል፣ አሁንም ጅራቱን ያማታል፣
ስጦታው «ምን ትጠብቃላችሁ?» እያለ ይቆጣል።
አንሙት ክንዱን አጣጥፎ፦
«አጥፍተህ አብራት።
ስምንት ሳናይ ዓሣ አይወጣም።»