ማነሽ

ጀልባው ከላም በላይ በሚያልፍበት አገር፣
ባሕር በግድብ ታስሮ ደጅ በሚያድርበት ዳር፣
ፍሪስላንድ ውስጥ፣ በሰባ ዘጠኝ መኸር፣
(በነሱ አቆጣጠር)
ቦይ የሚጠርግ ሰው ቄጠማ ሲመነጥር
አካፋው ያዘበት።
ልጅ ነበረች።
ፊቷን ጭቃ ወስዶ ጫማዋን ግን ትቷት።

ሐኪም አጥንት አይቶ ዐሥራ አራት አላት፤
“ልጄ” የሚል ጠፍቶ ቁጥር ወረሳት።
ፖሊስ ሁለት ክረምት ጠይቆ አስጠየቀ፣
በሦስተኛው ክረምት መዝገቡ ደረቀ።
ድንጋይ ተተከለ፤ ድንጋዩ ላይ ቁጥር፣
እንደ ባቡር ፉርጎ፣ እንደ መጋዘን በር።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ሙጫ በሚሸት ሱቅ፣ በጠባቧ ቦታ፣
ሦስት ጡረተኞች ወንበር ይስባሉ፤
ማንም አልሾማቸው፣ ደመወዝ አይበሉ።

ባውክየ አስተማሪ ነበረች።
ከየከተማው የስም መጥሪያ ደብተር ለምና ታመጣለች፤
“ቀርታለች” ከሚል ቃል ስትደርስ ጣቷን ታቆማለች።
ኅዳጉ ላይ “ኩፍኝ” ይላል።
ጣቷ ያልፋል።

ሩርድ ጀልባ ነጂ ነበር፤ የሚያምነው ውሃን ነው፤
ከየድልድዩ ላይ ብርቱካን ይጥላል፣ የት እንደሚያደርሰው
ሊያይ ብስክሌቱን እየጋለበ ይከተለዋል።
ልጆች ያፌዙበታል፦ “አባባ፣ ገበያው በዚያ ነው!”
እሱ ደቂቃውን ይጽፋል፣ ጣቱን ብርድ እያቆረፈደው።

ፍሬርክ ጫማ ሰፊ ነው። ሱቁም የሱ ነው። ዝም ይላል።

አንዴ ተሳሳቱ። ይህን አልደብቅም።
ዴቬንተር ላለች አሮጊት ደወሉ፦
“ልጅዎ ሳትሆን አትቀርም” አሉ።
አሮጊቷ ጥቁር ገዛች። ሦስት ቀን አለቀሰች።
በአራተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ደወለች፤
ወሬው ደርሷት ነው። ሮተርዳም አበባ ትሸጣለች፤
የልጅ ልጅ አይታለች።
“አለሁ” አለች፣ “ተዉኝ” አለች።
እናት እንደገና አለቀሰች፤
ሁለተኛው ልቅሶ ከፊተኛው ባሰ፤
የሞት ቁስል ሽሮ የመተው ደረሰ።

ያን ዓመት ሐሙስ አልነበረም።

ኋላ ፍሬርክ፣ ብቻውን፣ የጫማዋን ፎቶ
አጉሊ መነጽር ሥር ዘረጋ፣ መብራቱን አብርቶ።
ግራ ተረከዙ ላይ ዘጠኝ ሚስማር አለ፤
ሦስተኛው ጎብጦ፣ በሞረድ ተስተካከለ።
ጓደኞቹን ጠራ። “ይሄ ፊርማ ነው” አለ።
“እኔም እጎብጣለሁ፣ እኔ ግን ሰባተኛው ላይ ነው።”

ደብዳቤ ጻፈ። ለሽማግሌ ጫማ ሰፊ፣ ለሟች ጫማ ሰፊ ሚስት፣
ለመቶ ዐሥራ ስምንት ቤት።
አብዛኛው አልመለሰም። አንዱ ተሳደበ።
ከድንበር ማዶ፣ ከኤምደን፣ አንዲት ሴት
የአባቷን የሥራ መዝገብ ላከች፤
ከድንች ጆንያ ሥር፣ ከቆጥ ያገኘችውን፣
ጠርዙን አይጥ የበላውን።

ገጽ ዐርባ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
“ለዚያች ለምትስቀው ልጅ። ግራ ተረከዝ።
ሁለት ማርክ። ከፍላለች።”

ስም የለም።

ባውክየ ሦስቴ አነበበችው፤
ስም የሚያመልጣት ይመስል በጣቷ ተጭና ያዘችው።
ሩርድ ተነሥቶ መስኮት ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።
ፍሬርክ “ከፍላለች” አለ።
“ዕዳ የለባትም።”

በኔ ቋንቋ፣ ስሙ የጠፋንን ሰው በመንገድ ስንጠራ
“ማነሽ!” እንላለን፣ ጥያቄው ሆኖ መጠሪያ፤
የተጠራችውም ዞር ትላለች፣
ስሟን እንደሰማች።
ለነሱ ይህ ቃል የላቸውም። ባውሳቸው ደስ ባለኝ፤
ቦዩ ዳር ቆመው፣ ጉም ውስጥ፣ እንዲሉልኝ፦
ማነሽ፣
አንቺ የምትስቂው፣
ማነሽ።

ባውክየ የኤምደንን ትምህርት ቤቶች ቆጠረች።
ሠላሳ አንድ ናቸው። ለመጀመሪያው ጻፈች።
ሩርድ ኮቱን ደረበ፤ ወንዙ፣ ጀርመን በኩል፣
በስንት ቀን እዚህ እንደሚያደርስ አያውቅም፤
ገበያው ሳይዘጋ
ብርቱካን ሊገዛ ወጣ።