ፊት የሰጠን ሰው

ኦስቫር እባላለሁ፤ የስቫርትናስ ደወል ደዋይ፣
ገመድ ስስብ የኖርኩ፣ ዐይኔን ሰቅዬ ወደ ላይ።
መንደራችን ትንሽ፦ ወንዝ አለ፣ በርች አለ፣
ስምንት ወር በረዶ ከደጅ ላይ የዋለ።

ኤስኪል በወጣትነት በወንዙ ግንድ ሲነዳ
ሁለት ጣቱን ከፍሏል፣ እንደ ቆየ ዕዳ።
የቀሩት ስምንቱ ቢላዋ ለመዱ፣
ከበርች ጉማጅ ውስጥ ሰው ማውጣት ወደዱ።

በብርጭቆ ወረቀት ፊት አያለሰልስም፣
ቢላው የወሰነውን ዳግም አይዳስስም።
«ፊት ማለት» ይል ነበር «የጠርዝ ነገር ነው፣
ጥላ የሚያድርበት፣ ብርሃን የሚያልፈው።»
መጀመሪያ አፍንጫ፤ ሌላው ይከተላል፣
«አፍንጫው ከቆመ ሰውየው ይቆማል።»

ማታ ማታ ምድጃው ዳር እንሰበሰባለን፣
የቢላውን ድምፅ እየሰማን እናመሻለን።
ፍቅፋቂው ጭኑ ላይ እንደ ልጣጭ ተጠቅልሏል፣
ኤስኪል ጎንበስ እንዳለ ባርኔጣው ፊቱን ከልሏል።

ለቄስ ሉንድማርክ ጆሮ፣ እንደ ጎመን ቅጠል፣
ወሬ እንደ ጉትቻ ላዩ የሚንጠለጠል።
ለባለሱቋ ዮርዲስ የተቋጠረ አፍ፣
ዱቤ ሲጠይቋት እንደ ከረጢት ጫፍ።
ለግብር ሰብሳቢው ለቶርበን ቅንድብ ብቻ፣
ሁለት ፀጉራም ወታደር የወጡ ለዘመቻ።

ተቆጣን።
ማን ይወዳል ራሱን የጣት ቁመት ሆኖ
ከሱቅ መስኮት ቆሞ፣ ዋጋው ተተምኖ?
ቶርበን «ፊቴን መልስ!» ብሎ በሩን ቢደበድብ፣
«አፍንጫህን ላስ» አለው፣ «የወሰድኩት ቅንድብ።»

የእኔስ? አንገት የለኝ፤ አገጬ ሽቅብ ነው፣
አፌ ገርበብ ብሏል፣ ከላይ ጠብ የሚል እንደሚጠብቅ ሰው።
አርባ ዓመት ደውዬ ይህ ሆነ ወይ መልኬ?
ዘጋሁት ሁለት ወር፤ ያ ነበረ ልኬ።

አንድ ጧት በጨለማ፣ ገመዱን እየሳብኩ መስኮቱን አየሁት፣
በጥቁሩ መስታወት ያንን ሰው አገኘሁት፦
አንገት የለው፣ አፉ ገርበብ።
ሳቅሁ። ገመዱም ከእጄ አምልጦ ወጣ፣
መንደሩ ስድስት ቆጠረ፤ ሰባተኛው ሳይመጣ
ነጋ።

ኤስኪል የሞተው በመጋቢት ነው፣ ወንዙ ሲሰነጠቅ፣
ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።
ጭኑ ላይ አንድ ጉማጅ፣ የተጀመረ ገና፤
አፍንጫ አለው ብቻ፣ ሌላው እንጨት ነውና
«ማን ይሆን?» ተባባልን።
ዮርዲስ ገልበጥ አድርጋ ከሥሩ አነበበች፦
«እኔ» ይላል በእርሳስ። ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ለመጨረስ አሰብን፤ ቢላው ስለታም ነው።
ግን ዐይኑ ምን ነበር? ጥርሱስ ስንት ነው የጎደለው?
ቄሱ «ሰማያዊ» አሉ፣ ቶርበን «ቡኒ» አለ፣
በአገጩ ጠባሳ ክርክር ተቀጣጠለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እፊቱ ተቀምጠን
ያየነው እጁን ነው፤ እጁን ብቻ፣ አፍጥጠን።
ፊት አይቶ አላዳላ፤ ለሁላችን ፊት ሰጠ፣
ለራሱ ፊት ነስቶ ከመሃል አመለጠ።

ጉማጁ ከእኔ ጋር ነው፤ የደወል ቤት በር ይዟል፣
ከሰው እጅ ንክኪ አፍንጫው ወዝቷል።
ቱቫ፣ የዮርዲስ የልጅ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ማታ
ጆሮ ጨመረችለት፣ ሰንጢ ከኪሷ አውጥታ።
ሦስተኛ ጆሮው ነው፣ ያውም አገጩ ላይ።
ምንም አላልኳትም። ገመዴን ጨበጥኩ፣
አገጬን ወደ ሰማይ።