ሁለት ነጥብ

መስመር አሥራ አራት። ሦስት ቀን ሆነው ቀልቶ፣
የደሴ ነሐሴ ከጦሳ ላይ መጥቶ
ጉሙን በመስኮቴ ስንጥቅ አስገብቶ፤
ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ጣቴ ደነዘዘ፣
ማሽኑ ያንኑ ቃል ሙጭጭ አርጎ ያዘ።

ሥራው እንኳ ቀላል፤ የቅሬ መዝገብ ነው፤
አያ ይማም አበጋዝ፣ ዓይኑ ቢደክመው፣
«አንተ ተምረሃል» ብሎ ያሸከመኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በቢክ የተሞላ፣ አቧራው የሚያስለኝ።
ማን በወሩ ከፍሏል፣ ማን ሦስት ወር አለበት፣
ድንኳን ለማን ወጣ፣
ማን ከቀብር ቀርቶ ብር ተቆረጠበት።
እኔም አፌ አያርፍ፣ «በሳምንት» አልኩት፣
«በማሽን አድርጌው፣ ስም ስትጠራ ታየዋለህ በቅጽበት።»

ያው ሳምንቱ አለቀ።

ቅንፍ ቆጠርኩ፤ ገጠመ። ባዶ ቦታ ጠረግሁ፣
ከመጽሐፉ ጋራ በጣት አመሳከርሁ፣
እንደ ደረሳ ልጅ ሉሄ ላይ ጎብጬ አደርሁ።

ፒያሳ ወረድኩኝ። ስልክ ጠጋኙ ሽኩር፣
ብሎን በከንፈሩ፣ ቀናም ሳይል ከወንበር፣
«አጥፍተህ አብራው» አለኝ።
አጠፋሁ። አበራሁ። አሥራ አራት ጠበቀኝ።

ኮምቦልቻ ደወልኩ፣ ኑርሁሴን ዘንድ ቀጥሎ፣
ከፈተና መልስ፣ ድምፁ እንቅልፍ አዝሎ፦
«ጽፎልህ የለም እንዴ? አንብበው። አትፍራው።
ቀይ ስላየህ ቁጣ መስሎህ ነው፤ ምክር ነው።»

አነበብኩ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል ስታገል፦
«በአሥራ አራተኛው ላይ የማላውቀው ፊደል»።
የምን ፊደል? እኔ፣ ከሀ እስከ ፐ የዘለቅሁ፣
አንድ ሆሄ ሳይቀር ከልጅነት ያወቅሁ?
ጭራሽ ተናደድሁ።

ዝናብ ሲያባርረኝ፣ ላፕቶፔን በፌስታል፣ ጉያዬ ሸጉጬ፣
ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከእት ጦይባ ቆርቆሮ ሥር ገባሁ ሮጬ።
ሃያ ሁለት ዓመት አቤቱታ ጸሐፊ፣
ለከሳሽ ለተከሳሽ፣ ለረቺ ለተሸናፊ፤
ባለጉዳይ አጥታ፣ እጇን ብብቷ ከታ፣
ወደ እኔ አዘነበለች፤ ዝም ብላ አየች ለአፍታ።

«ይቺ ነጥብ» አለች፣ በእስክርቢቶ ጫፍ፣ «የኛ ናት።»
«የቷ?»
«ወፍራሟ። ድሮ ቃልና ቃል ስትገላግል የኖረች።
ሌሎቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ክብ ክብ፣ እንደ ጎመን ዘር።
ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ነጥብ አታውቂም ልትለኝ?»

ለካ የአያ ይማምን ስም በአማርኛ ጽፌ፣
ቁልፉን ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን ዘልዬ አልፌ፣
ያቺን ሁለት ነጥብ ከኛ ፊደል መዝዤ፣
ሦስት ቀን ከረምኩ፣ የገዛ ነጥቤን እንደ ሌባ ይዤ።

አጠፋኋት። ሌላዋን ጫንኩ። ቀዩ ሄደ።
ስም ስም ተከትሎ እንደ ቦርከና ወረደ፦
ይመር ሙሄ። አንሻ ሰይድ። ትርንጎ በላቸው፣
የሞቱትም ሳይቀሩ፣ ቅሬው የቀበራቸው።

አንዱ ስም ላይ ስትደርስ እት ጦይባ ዝም አለች።
አልጠየቅኋትም።
«ጳጉሜስ?» አለች ቆይታ።
«እሱ የሞተው በጳጉሜ ነው።»

ወሮቹን ብቆጥር አሥራ ሁለት ናቸው፤
ከፈረንጅ መጽሐፍ እንዳሉ ነበር የገለበጥኳቸው።

አሁን ማታ ማታ፣ ባለጉዳይ ሲበተን፣
አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እሷ ናት የምትነካው ቁልፉን።
እኔ እጄን ሰብስቤ «አብሽሪ» እላታለሁ፣
«ቀይ ቢልሽ አንብቢው።»
ትናንት የመጀመሪያ መስመሯን ጽፋ፣
ለፍርድ ቤት እንደለመደችው
በአራት ነጥብ ዘጋችው።
ማሽኑ እምቢ አለ።
«አራት ነጥብ አያውቅም» አልኋት።
«ታዲያ ነገር በምን ያልቃል?» አለች፣
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ።

እኔ ምን አውቄ፤
ጳጉሜ ራሷ ገና አልወጣችልኝም