የክርን ክር

«የሕይወት ጥራት» ይላል፣ ከወረቀቱ ግንባር፤
የልጄ ልጅ ኢታይ ነው አስተርጓሚዬ፣ አማርኛው ከእፍኝ የማያልፍ ነገር።
«ጥራት ምንድን ነው ሳብታ?» ብሎ መልሶ ለእኔው አቀበለ፣
ዓይኑ ከስልኩ ሳይነቀል፣ ማስቲካውን ጉንጩ ውስጥ እያንከባለለ።

እኔ ጥራት የማውቀው
ለጠላ ነው፣ ለምንጭ ውሃ፣ ከዝናብ ወዲያ ለሰማይ፤
ሕይወትማ እንዴት ይጠልላል፣ ሲያማስሉት ውለው ከላይ?

ኢሪና ጠረጴዛዋ ጋ፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ፣
ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይዛ፣ ቀኝ እጄን ዘርግታ፣
ትጠይቃለች በተርታ።
«ቁልፍ ትከፍቻለሽ ወይ?» አለ ኢታይ።
የቱን ቁልፍ? የበሩን ወይስ የሸሚዙን?
አልለየውም ልጁ፤ እኔም ዋጥኩት የሁለቱን ጉድ፣ እውነቱን።

ሐዴራ ከገባሁ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት መጋረጃ ሰፋሁ፤
ለሰው መስኮት ጨለማ ስቆርጥ የራሴን ቀን ገፋሁ።
ክርኔን ከጠረጴዛው ጠርዝ ተክዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
ሜትሩ አጠገቤ ተጋድሞ፣ በክንዴ ለክቼ።
አሠሪዬ ዛልማን ይስቅ ነበር፣ «ሜትር እኮ አለ!» እያለ፤
ይለካዋል እንደገና፤ አንድም ቀን ዝንፍ አላለ።

ለካ በዚያው ልክ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣
አንድ ክር ተዘርግቶ ኖሯል ከሥጋዬ በታች፣
የማላየው፣ ያልፈተልኩት።
ክርን ሲሉ ሰምቼ፣ ክር እንዳለበት መች ጠረጠርኩ!
ቃሉ ሲነግረኝ ኖሮ ስንት ዘመን ደነቆርኩ።

መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ፣
በር ዘግታ እንዳኮረፈች ሴት፣ ድምፅ ጠፋ ከቤቷ።
መርፌ ይወድቃል፣ አላውቅም። ሳንቲም በመሃላቸው ይሾልካል፤
ገበያ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሳልኛል፣ ዓይኑ ግን ዕድሜዬን ይለካል።

ዶክተር ሐዳድ ነበር፣ የባቃ ሰው፣ ጣቱ እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ቀጭን፤
«ክርሽ ታንቋል» አለኝ፣ «ዋሻው ጠቦበት፤ እናሰፋዋለን ቦታውን።»
አሰፋልኝ፣ ከዚያም ሰፋኝ፤
በአሥራ አንድ ጥልፍ ዘጋኝ።
(እኔ ብሆን በዘጠኝ እጨርሰው ነበር፤
ግን ሙያተኛ ሙያተኛን አያማም፣ በልቡ በቀር።)

አሁን ሰባተኛ ወሩ ነው።
ነርቭ በቀን የሚያድገው፣ አለኝ፣ ከአንድ ክር ውፍረት አያልፍም፤
ክንድ ሙሉ መንገድ ይቀረዋል፤ እንደ ጨርቅ ጎትተው አያስረዝሙትም።
ሌሊት ክርኔን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንዳይታጠፍ አስሬ፣
ከባያብል ጎን እነሳለሁ፣ እንደ ግንድ ቀጥ ብዬ አድሬ።
ክንዴን መንተራስ ቀረ። ይኼ ኢታይ በሕፃንነቱ
የተንተራሰው ይኼንኑ ነው፤ አያስታውሰውም፤ ደግ ነው መርሳቱ።
ፊቴን ስታጠብ፣ የዘገንኩት ውሃ ያፈስሳል በዳር፤
ትንሿ ጣት ገና አልተጠጋችም፤ ክፍት ትታዋለች በር።
ይኼን አይጠይቅም ወረቀቱ።
ባለፈው ዓርብ ለሻማው የጫርኩት ክብሪት
በመጀመሪያ ጭረት እንደበራልኝም አይጠይቅም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለች ኢሪና።
ከፀጉር የቀጠነ ናይሎን ክር ይዛ፣ ጣቴን ነክታው ይሆናል፤
«ይሰማሻል?» አለ ኢታይ፤ «ምን ብሎ?» ስለው ይስቃል።
ከዚያ ዝም አልን፣ ሦስታችንም።
ውጭ፣ ከባሕር በኩል የመጣ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያላጋው፣
አንድ ነገር፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው፣
የእኔን ስም ይሁን የሌላ ሳይለይ፣
መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ፣ ከትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ።

«ስንት ልበላት?» አለኝ ልጁ።
«ጠራ በላት።»
ከስልኩ ቀና አለ። «ጠራ… እንደ ውሃ ነው፣ ወይስ እንደ ሰው?»
«እንጃ» አልኩት። «ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።»
በዕብራይስጥ ቃሉን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው።
ሰባት ብሎ አጻፋት።