መስኮት ቁጥር ሦስት

ዲኑ አስጠርተውኝ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
ከዚህ መስኮት ኋላ የኖርሽ አንቺ ነሽ» አሉ።
«ለተማሪው፣ ለሠራተኛው፣ አዳራሹ ውስጥ ተናገሪ፤
እንኳን ደህና መጣችሁ በዪ፣ ከሦስት ደቂቃ አትሻገሪ።»

እኔ ንግግር አላውቅም።
የማውቀው ማኅተም ነው፣ ስሊፕ ነው፣ ክሊራንስ፤
«ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጪ፣ ጆሮሽን የሚያሳይ»፣
የማውቀው «ቀጣይ!» ነው፣ ቀና ብዬ ሳላይ።
እንግዲህ ልጻፈው በተበላሸ ፎርም ጀርባ፣
ኮሪደሩ ሳይሞላ፣ ወረፋው ሳይገባ።

ዛሬ ማለዳ ስድስት ኪሎ፣ አንበሳው አንዴ አጓርቶ ተኛ።
ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ ፍራሽ ያቀፈ መንገደኛ፤
«ለፍራሹም ትከፍላለህ» አለው ረዳቱ፣
«ፍራሹ መቼ ተቀመጠ?» አለ ልጁ በኩራቱ፤
«ቆሞ ነው የመጣው!» ሳቅን፤ ሹፌሩም ሳቀ፣
ልጁ ከነፍራሹ ወርዶ ወደ ግቢው ዘለቀ።

በሩ ላይ ጋሽ ኤርጋኖ ሻንጣ ይበረብራሉ፤
ከጂንካ ማር፣ ከአሶሳ ማንጎ ያገኛሉ፤
«ይሄ ብቻህን አይበላም» ብለው መልሰው ይዘጋሉ።
ነባሮቹ እንደ ልማዳቸው፣ «ሬጅስትራር የት ነው?» ሲባሉ
አዲሱን ልጅ አንበሳ ግቢ ይልካሉ።
አምና አንዱ ትኬት ቆርጦ ገብቶ፣ ፋይሉን እንደያዘ
አንበሳው ፊት ሲደርስ እግሩ ደነዘዘ።
ጌጤ የመጀመሪያውን ፎቅ ለሦስተኛ ጊዜ ወለወለች፤
«ጭቃውም እንኳን ደህና መጣ» አለች።

ግን ልናገር የተነሣሁት ይሄን አልነበረም።

የዛሬ ሰባት ዓመት አንዲት ልጅ ስሊፗን መለሰች፤
«ስሜ ተሳስቷል» ብላ መስታወቱ ፊት ቆመች።
አነበብኩት፦ ስርጉት። የቱ ላይ ነው ስሕተቱ?
«የእኔ ንጉሡ ሥ ነው፤ ይሄ እኮ እሳቱ።»
ወረፋው እስከ ደረጃው፣ ሰዓቱ ስድስት ሊሞላ፤
«ሲጠሩት አንድ ነው ልጄ፤ አሳልፊ፣ ይምጣ ሌላ።»

አልሄደችም። «አባቴ የገጠር አስተማሪ
በጠመኔ ጽፎ አሳየኝ፣ ‹በዚህ ነው የምትጠሪ፤
ሌላ ውርስ የለኝምና ይህችን ፊደል ጠብቂ፣
ማንም ቢሰርዛት አንቺ አትልቀቂ።›»

«ቀጣይ!» አልኩ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ በየሰሚስተሩ፣
በስሕተቴ ላይ ማኅተም መታሁ።

ትናንት ወደ ማታ መስኮቴ ተንኳኳ፤
መነጽር፣ የቆዳ ቦርሳ፤ እሷው ናት ለካ።
«የክፍሌን ስም ዝርዝር ፈልጌ ነው፤ አስተማሪ ነኝ ዘንድሮ።»
ቀና ብዬ አየኋት፣ ያላየኋትን ድሮ።

ስለ ፊደሏ አላነሣችም። ዝርዝሩን ተቀበለች፤
መቶ አርባ ሁለት ስም ቆማ አንድ በአንድ አነበበች።
«ይሄ ኦባንግ ነው ኡባንግ? ይህችን ሐ ማን ጻፋት?
ልጅቷን ጠይቀናታል?» ምን ብዬ ልመልስላት?

ካርቶን ቀደድኩና በወፍራም ማርከር ጻፍኩ፤
ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ፦
«ስሙ የተሳሳተበት ወረፋ አይጠብቅ።»
ከዚያ ወጥቼ የቢሮዋን በር አየሁ፤ አናጺው ያው እሳቱን ጽፏል፤
ፋቅሁና በንጉሡ ተካሁት። ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀርቷል።

ይኸው ነው፣ ክቡር ዲን፤ ሦስት ደቂቃዬ አለቀ መሰለኝ፤
አዳራሹን ለሌላ ይስጡልኝ፣ እኔን እዚሁ ይተዉኝ።
ኮሪደሩ በኮቴ ሞላ። መጡ።
ፊተኛው ያ ባለ ፍራሽ ነው።
«ስምህ?» «ኃይለልዑል።»
«በየትኛው ነው? በሃሌታው? በሐመሩ?»
ዝም አለ ላንድ አፍታ። ፍራሹን ግድግዳ አስደግፎ
«በብዙኃኑ» አለኝ፣ በጣቱ መስታወቱ ላይ ጽፎ።