ከአንገት በላይ

ሦስት ዓመት ሙሉ ጮህኩበት።
«ሊንኮያን፣ ጫማህን! ሊንኮያን፣ ዝናቡ ገባ፣ በሩን ዝጋበት!»
እሱ ከመስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ
የእንጨት ጀልባውን ይነዳል፣ በምንጣፉ ማዕበል አስምጦ።
ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ አንድ ማታ በጥፊ መታሁት፤
ዞር አለ። «ምን አጠፋሁ?» ሲለኝ በዓይኑ አየሁት።

መምህርት ፓስኩዋላ «ልጅሽ ሐሳቡ ይበተናል» ብላ ጻፈች፤
ዶኛ ኦቲልያ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቃ ጠብ አደረገች፣
ጋዜጣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ ጢስ እፍ አለችበት፤
አልተሻለውም፤ ሹራቡ ብቻ ሳምንት ሙሉ ጢስ ጢስ ሸተተበት።
ከዚያ ሁሉም ከንፈር መጠጠ፣ ሁሉም አዘነ፣ ከአንገት በላይ።
የእኔም ፍለጋ እሱው ነበር፦
ከአንገት በላይ ሐኪም፣ ለጆሮ፣ ለአፍንጫ፣ ለጉሮሮ፣ በዚህ ደሴት ላይ።

ቺሎኤ ዝናብ አላት፣ ድንች አላት፣ የሳልሞን ፋብሪካ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣ ጥርስ ነቃይ፤
በእኛ መንደር ግን ጆሮን በመብራት የሚያይ አንድም ሰው የለም ለካ።
ጤና ጣቢያው ስሙን መዘገበ፦ «ተራው ሲደርስ እንደውላለን።»
አንድ ክረምት አለፈ። ሁለት። «ዝርዝሩ ላይ ነው እኮ፣ እናያለን።»
ስልኩ እንደ ልጄ ዝም።

ሌሊት አፉን ከፍቶ እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር ሲያንኮራፋ፣
ትንፋሹ ቁርጥ ሲል እቆጥራለሁ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ የእኔም አብሮ እስኪጠፋ።
ጠዋት ፋብሪካ ዓሣ እየሰነጠቅኩ ቆሜ አንቀላፋለሁ፤
ቢላዋው አውራ ጣቴን ሲያገኘው እነቃለሁ።

ጣቴን በጨርቅ ያሰረችልኝ ኔልዳ ናት፣ ከጎኔ የምትቆመው፣
ዓመት ሙሉ ከ«ደህና ዋልሽ» ሌላ ቃል ያልሰማሁባት ሰው።
«የእህቴም ልጅ እንዲያ ነበር። ፖርቶ ሞንት፣ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ኦያርሱን በያት።»
የዓሣ ቅርፊት ያለባት ካርቶን ላይ ጻፈች፤ እስከ ዛሬ አለችኝ፣ አልጣልኳት።

የስፌት መኪናዬን ሸጬ በሌሊት አውቶቡስ ወጣን።
ወሽመጡን የሚያሻግረው መርከብ ላይ፣ ጭጋጉ መሐል ሳለን፣
ጡሩምባው አንባረቀ፤ ሰው ሁሉ ደንግጦ ዘለለ፣
አንዲት ሴት ሻይዋን ደፋች፤
ሊንኮያን የብረቱን መደገፊያ ይዞ ወፍ ይቆጥራል፣ እንደቆመ፣ እንዳለ።
ያቺ ጥፊ እዚያ ላይ ተመልሳ ጉንጬ ላይ አረፈች።

ኦያርሱን አጭር ናት፣ ጉንፋን ይዟታል፣ ግንባሯ ላይ መብራት አስራለች፤
ብረቱ እንዳይቀዘቅዘው መዳፏ ውስጥ ይዛ አሞቀች።
«ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ ነው፣ እንደ ሙጫ የጠና።
ልጅሽ አላመፀም፤ ሦስት ዓመት ባሕር ሥር ሆኖ ነው የሰማሽ፤ አይዞሽ፣ መላ አለው ገና።»
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለእናትም ባዳ ነው።
ከአንገት በላይ ሐኪም አሏት፤ እጇ ግን ከልብ ነው።

ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቱቦ፣ ግማሽ ቀን፣ ትንሽ እንቅልፍ።
ስለ ዋጋው አትጠይቁኝ፤ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራሁለት ነው።

በሳምንቱ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ፣
«እማ፣ ለምንድን ነው የምትጮኺው?» አለኝ፣ ድምፁ ራሱ አዲስ ሆኖ።
የእኔን ጉሮሮ ለሐኪሟ አላሳየኋትም፤
ጩኸት የለመደ ደግሞ በአንድ ቀን አይመለስም።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ቃሌን እንደ ሻይ አበረድኩ፣
«ሊንኮያን፣ በሩን ዝጋ» ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩ።

ሰማ። አየሁት፣ ትከሻው ሰማ።
ጀልባውን ይነዳል፤ ዝናቡም ይገባል፤ እሱ ንቅንቅ የለማ!
ጆሮ ዳባ ልበስ።
እሰየው።